123456789ን በእርሳስ ብቻ መበተን

ካፌ ገብታችሁ የዋይፋይ ፓስወርድ ስትጠይቁ አስተናጋጁ ቀና ሳይል "ከአንድ እስከ ዘጠኝ" ብሏችሁ አያውቅም? እኔን ብሎኛል፣ ያውም ስንቴ። አንድ ቀን ፓስወርዱ ገብቶ ኢንተርኔቱ ግን እምቢ አለ። ማኪያቶው እስኪመጣ ቁጥሩን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩና "ቆይ፣ ይሄ ነገር በምን በምን ይካፈላል?" ብዬ ጀመርኩ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ፣ ቁጥሩ ግን ተፈታ።

ዘጠኝ አሃዝ ያለው ቁጥር በእጅ የሚፈታ አይመስልም። ይፈታል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ የቱን ቀድሞ መሞከር፣ የቱን ደግሞ ጨርሶ አለመሞከር። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አብራችሁኝ ሥሩ። ትንሿ ባለ 8 አሃዝ ካልኩሌተር ይሄን ቁጥር አትችለውም፣ ስለዚህ ተዉአት። ስልካችሁን መጨረሻ ላይ ለማረጋገጫ ብቻ አውጡት።

አንድ ቃል እንስማማ። ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ ብዙዎቻችን ፕራይም የምንለው ማለት ነው። ቁጥርን መበተን ማለት ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ወደ አካፋዮቹ መከፋፈል ነው።

ደረጃ 1፦ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ጻፉት

ከቀኝ ጀምራችሁ እንዲህ ክፈሉት፦ 1 | 23 | 45 | 67 | 89

ይሄ አከፋፈል የኔ ፈጠራ አይደለም። የግዕዝ ቁጥር የሚሠራው እንዲሁ ነው። ግዕዝ ውስጥ ዜሮ የለም፤ ቁጥሩ በጥንድ በጥንድ ይጻፍና መሀል መሀሉ ላይ መቶ (፻) እና እልፍ (፼) ይገባሉ። የኛ ቁጥር ፼፳፫፻፵፭፼፷፯፻፹፱ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ቀስ ብላችሁ ስታዩት ፳፫፣ ፵፭፣ ፷፯፣ ፹፱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፊት ያለው 1 ደግሞ በልማዱ አይጻፍም፣ እልፉ ብቻውን ይቆማል። ሲነበብ 12,345 እልፍ ከ6,789 ነው።

አሁን ጥንዶቹን ደምሩ። 1+23+45+67+89 = 225። እንደገና ጥንድ አድርጋችሁ ደምሩ፦ 2+25 = 27።

ይሄ 27 ምንድነው? ቁጥሩ በ99 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ነው። ምክንያቱም 100 በ99 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ 10,000ም 1 ይተርፋል፣ ሚሊዮኑም እንደዚያው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ የትም ይቀመጥ የት፣ ለ99 ሲሆን ዋጋው የራሱ ብቻ ነው። 99 ደግሞ 9×11 ነው። በአንድ ድምር ሁለት ጥያቄ መለስን ማለት ነው፦ 27 በ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ስለዚህ ትልቁም ቁጥር ይካፈላል። 27 በ11 ሲካፈል 5 ይተርፋል፣ ስለዚህ ትልቁም 5 ይተርፋል፤ 11 ወደቀ።

ትምህርት ቤት የተማርነው "አሃዞቹን ደምር፣ ድምሩ በ9 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል" የሚለው ሕግም እዚህ ይሠራል፤ 45 ይመጣል። ግን እሱ ስለ 11 ምንም አይነግራችሁም። የጥንዱ ድምር ይበልጥብኛል።

በነገራችን ላይ ከ1 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች አንድ አንድ ጊዜ እየተጠቀማችሁ በ362,880 መንገድ ልትደረድሯቸው ትችላላችሁ። ሁሉም በ9 ይካፈላሉ፣ ምክንያቱም የአሃዞቹ ድምር ሁሌም 45 ነው። አንዱም ብቸኛ ቁጥር አይሆንም።

በ2 እና በ5? መጨረሻው 9 ነው። አይካፈልም። ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ አሁን ሦስት ሦስት

123 | 456 | 789። ይሄኛው በኮማ የምንለየው የተለመደው አጻጻፍ ነው፣ ለሁለት ነገር ይጠቅመናል።

መጀመሪያ ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ፦ 789 − 456 + 123 = 456። ይሄ የሚሠራው 1001 = 7×11×13 ስለሆነ ነው። እንግዲህ ትልቁን ቁጥር ትታችሁ 456ን ብቻ አካፍሉ። 455 በ7ም በ13ም ስለሚካፈል 456 በሁለቱም 1 ይተርፋል። በ11 ደግሞ 5። ልብ በሉ፣ በ11 ቅድምም 5 ነበር። ሁለት የተለያየ መንገድ አንድ መልስ ሲሰጥ ደስ ይላል፣ ካልሰጠ ደግሞ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሦስቱንም ደምሩ፦ 123+456+789 = 1368፣ ከዚያ 1+368 = 369። ይሄ ለ999 ነው፣ 999 ደግሞ 27×37 ነው። 369 በ37 ሲካፈል 36 ይተርፋል። በ27 ሲካፈል 18። ስለዚህ 37 ወደቀ፣ 27ም ወደቀ። የ27 መውደቅ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ 3 በቁጥሩ ውስጥ በትክክል ሁለት ጊዜ ብቻ አለ ማለት ነው። 9 አለ፣ 27 የለም።

ደረጃ 3፦ 9ን አውጡ

አካፍሉ። 12 ለ9፣ 1 ይደርሳል 3 ይተርፋል፤ 33፣ 3 ይደርሳል 6 ይተርፋል፤ 64፣ 7 ይደርሳል 1 ይተርፋል… እያላችሁ ስትጨርሱ 13,717,421 ታገኛላችሁ።

ቅድም የወደቁትን 7፣ 11፣ 13 እና 37 እዚህ ላይ እንደገና እንዳትሞክሩ። ትልቁን ቁጥር ያላካፈለ ቁጥር፣ ከውስጡ የወጣውንም አያካፍልም። ይሄን የማያስተውል ሰው ግማሽ ሰዓት በከንቱ ያቃጥላል።

ደረጃ 4፦ የት ድረስ መሄድ እንዳለባችሁ እወቁ

አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ከአካፋዮቹ ትንሹ ከስኩዌር ሩቱ (ከዳግም ዘሩ) አይበልጥም። ሁለቱም ከስኩዌር ሩቱ ከበለጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፋላ።

ስለዚህ የ13,717,421ን ስኩዌር ሩት በግምት እንፈልግ። 3700 ሲባዛ በ3700፣ 13,690,000 ነው። የቀረው 27,421። በዚህ አካባቢ ስኩዌሩ (ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ የሚመጣው) አንድ እርምጃ በሄድን ቁጥር 7,400 ገደማ ይጨምራል፣ 27,421 ደግሞ የዚህ 3.7 እጥፍ ነው። ስለዚህ 3703.7 ገደማ።

አሁን ተራው መንገድ "ከ3703 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ በየተራ ሞክር" ይላል። እነሱ ግን ከ500 በላይ ናቸው። እኔ ደረሰኙ ላይ 17ን፣ 19ን፣ 23ን ሞክሬ ሰለቸኝ። እስከ መጨረሻው በዚያ መንገድ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ካፌው ይዘጋብኝ ነበር።

ደረጃ 5፦ ከመሀል ጀምሩ

ይሄ የምወደው ክፍል ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

3×7ን ውሰዱ። መሀላቸው 5 ነው፣ ሁለቱም ከ5 በ2 ይርቃሉ። 5×5 ሲቀነስ 2×2፣ 25−4 = 21። ማለትም 3×7። የሁለት ኢተጋማሽ ቁጥሮች ብዜት ሁሌም እንዲህ ይጻፋል፦ የመሀሉ ስኩዌር ሲቀነስ የርቀቱ ስኩዌር። እንግዲህ ወደ ኋላ እንሂድ። ቁጥራችን ላይ ስንት ብንጨምርበት ስኩዌር ይሆናል? የጨመርነውስ ራሱ ስኩዌር ነው ወይ? ከሆነ አካፋዮቹ እጃችን ገቡ።

ዘዴው የፒየር ደ ፌርማ ነው። ፌርማ ፈረንሳዊ ነው፣ ቱሉዝ ከተማ በሕግ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ ሒሳብን የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነው። ይሄን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1643 ገደማ በጻፈው ደብዳቤ አስረድቶታል።

ከስኩዌር ሩቱ ቀጥሎ ካለው ሙሉ ቁጥር፣ ከ3704 እንነሳለን።

3704 × 3704 = 13,690,000 + 29,600 + 16 = 13,719,616። ከዚህ ላይ 13,717,421ን ቀንሱ፤ 2,195 ይቀራል። ስኩዌር ነው? አይደለም። ለማወቅ ማስላት እንኳን አያስፈልግም፣ በ5 የሚያልቅ ስኩዌር የግድ በ25 ያልቃል፣ ይሄ በ95 ነው ያለቀው። (ስኩዌር በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 አያልቅም፤ ይሄንንም በቃላችሁ ያዙ፣ ብዙ ሥራ ያድናል።)

ቀጣዩ 3705 ነው። እንደ አዲስ አታባዙ። ከ3704 ስኩዌር ወደ 3705 ስኩዌር የሚጨመረው 3704+3705 = 7,409 ነው። ስለዚህ ቅድም የቀረን 2,195 ላይ 7,409 ደምሩ፦ 9,604።

9,604! 98 ሲባዛ በ98 ነው። (100 ሲባዛ በ100፣ ሲቀነስ 400፣ ሲደመር 4።) በሁለተኛው ሙከራ። እኔ እዚህ ስደርስ ጮክ ብዬ ስቄ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ዞረው አይተውኛል።

እንግዲህ አካፋዮቹ 3705−98 = 3607 እና 3705+98 = 3803 ናቸው። ከ500 በላይ ሙከራ ሊፈጅ የነበረው በሁለት አለቀ።

ወደ ፊት ከመሄዳችሁ በፊት በጥንድ ድምር አረጋግጡ። 3607፦ 36+07 = 43። 3803፦ 38+03 = 41። 43×41 = 1763፣ ከዚያ 17+63 = 80። በሌላ በኩል 13+71+74+21 = 179፣ ከዚያ 1+79 = 80። ገጠመ። ይሄ ሙሉ ማረጋገጫ ባይሆንም የተለመደውን የማባዛት ስህተት ያጋልጣል።

ደረጃ 6፦ ሁለቱስ ብቸኛ ናቸው?

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። አታቁሙ። 3607 ራሱ ሊበተን ይችል ይሆናል።

60×60 = 3600 ስለሆነ ለ3607 እስከ 59 መሞከር ይበቃል፣ ለ3803 ደግሞ እስከ 61። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እና 37 ቀድመው ወድቀዋል። የቀሩት 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 41፣ 43፣ 47፣ 53 እና 59 ብቻ ናቸው፤ ለ3803 ሲሆን 61 ይጨመራል።

የ3607 ቀሪዎች በቅደም ተከተል፦ 3፣ 16፣ 19፣ 11፣ 11፣ 40፣ 38፣ 35፣ 3፣ 8።

የ3803፦ 12፣ 3፣ 8፣ 4፣ 21፣ 31፣ 19፣ 43፣ 40፣ 27፣ 21።

ዜሮ የለም። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። 41 ላይ ግን ተጠንቀቁ። 41×88 = 3608 ነው፣ ከኛ ቁጥር በአንድ ብቻ ይበልጣል። እኔ መጀመሪያ ቸኩዬ "ተካፈለ!" ብዬ ነበር። ከዚያ 88×41ን ማባዛት ሲመጣ የመጨረሻው አሃዝ 8 ሆነና አፈርኩ።

ሙሉው መልስ እንግዲህ ይሄ ነው፦

123,456,789 = 3 × 3 × 3607 × 3803

ደረጃ 7፦ አሁን የሚመጣው በነጻ ነው

አንዴ ከተበተነ በኋላ ስለ ቁጥሩ የምትጠይቁት አብዛኛው ነገር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስንት አካፋይ አለው? 3 ሁለት ጊዜ ስላለ ሦስት ምርጫ አላችሁ (ምንም፣ አንዴ፣ ሁለቴ)፣ ለ3607 ሁለት ምርጫ፣ ለ3803 ሁለት። 3×2×2 = 12። እነሱም 1፣ 3፣ 9፣ 3607፣ 3803፣ 10821፣ 11409፣ 32463፣ 34227፣ 13717421፣ 41152263 እና ራሱ። ከ9 ወደ 3607 ያለውን ክፍተት አያችሁት? በተራ ሙከራ የሚሄድ ሰው የሚሞተው እዚያ በረሃ ውስጥ ነው።

የአካፋዮቹ ድምርስ? (1+3+9) × (1+3607) × (1+3803)፣ ማለትም 13×3608×3804 = 178,422,816። ራሱን ቁጥሩን ስትቀንሱ 54,966,027 ይቀራል። ፍጹም ቁጥር የሚባሉት፣ ለምሳሌ 6 (1+2+3)፣ ይሄ ድምር ከራሳቸው እኩል ይመጣል። የኛው ግማሹን እንኳን አልሞላም።

ራሱ ስኩዌር ነው? አይደለም፣ 3607 አንዴ ብቻ ነው ያለው። ግን ቅርብ ያለውን ስኩዌር እዩልኝ፦ 11,111 ሲባዛ በ11,111፣ 123,454,321 ነው። ልዩነቱ 2,468። ይሄን ማንም አላቀናበረውም፣ እንዲሁ ሆኖ ነው።

የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሊሆን ይችላል? በ4 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ተስፋ ያሰጣል። ግን በ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍ ብቸኛ ቁጥር በኢተጋማሽ ብዛት ከተገኘበት አይሆንም፤ 3607 ደግሞ በትክክል እንደዚያ ነው፣ 3803ም እንደዚያው። ባይበተን ኖሮ ይሄን ማወቅ ከባድ ነበር።

ደረጃ 8፦ ከመስታወቱ ጋር አነጻጽሩት

ቁጥሩን ገልብጡት፦ 987,654,321። የሁለቱ ትልቁ የጋራ አካፋይ ስንት ነው? እዚህ ላይ መበተንም አያስፈልግም። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከ2,000 ዓመት በፊት የጻፈው መንገድ አለ፦ ትልቁን በትንሹ አካፍል፣ ከዚያ ትንሹን በቀሪው አካፍል፣ ቀሪው ዜሮ እስኪሆን ቀጥል።

987,654,321ን በ123,456,789 ስታካፍሉ 8 ይደርሳል፣ 9 ይተርፋል። 9 ብቻ! ቀጥሎ 123,456,789 በ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ያንን እናውቃለን። አለቀ። መልሱ 9 ነው። ዘጠኝ አሃዝ ያላቸው ሁለት ቁጥሮች በሁለት መስመር።

የተገለበጠውን ለመበተን ግን በቀጥታ ወደ ፌርማ እንዳትሮጡ። 9ን ስታወጡ 109,739,369 ይቀራል፣ እሱ ደግሞ በ17 ይካፈላል፣ ውጤቱም እንደገና በ17፣ ከዚያ 379,721 የሚባል ብቸኛ ቁጥር ይቀራል። በፌርማ ቢጀመር እርሳስ ያልቃል። የፌርማ መንገድ የሚያምረው ሁለቱ አካፋዮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው። የኛዎቹ በ196 ብቻ ነበር የሚለያዩት። ስለዚህ ልማዳችሁ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ትናንሾቹን እስከ 30 ወይም 40 ድረስ ሞክሩ፣ ከዚያ ከመሀል አሥር አሥራ አምስት እርምጃ በፌርማ ሂዱ፣ እምቢ ካለ ወደ ተራው መንገድ ተመለሱ።

ይሄ ነገር ከካፌ ጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው። ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን እ.ኤ.አ. በ1977 የሠሩት የምስጢር ቁልፍ የሚቆመው ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ ብዜቱን መልሶ መበተን ግን ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ባለ 250 አሃዝ ቁጥር የተበተነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፣ ያውም በብዙ ኮምፒውተር። ሆኖም ቁልፉን የሠራው ሰው ሁለቱን ብቸኛ ቁጥሮች በጣም አቀራርቦ ከመረጠ፣ ቁልፉ ምንም ያህል ረጅም ቢሆን እኛ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በሠራነው መንገድ ይከፈታል።

ለመለማመጃ ፌርማ ራሱ በደብዳቤው የሠራበትን ቁጥር እሰጣችኋለሁ፦ 2,027,651,281። ከ45,030 ተነሱ። 12ኛው ሙከራ ላይ የሚቀራችሁ የ1020 ስኩዌር ይሆናል። ሁለቱን አካፋዮች ስታገኙ በጥንድ ድምር አረጋግጡ፤ በሁለቱም በኩል 7 መምጣት አለበት።